ከደመወዝ ቀድሞ የሚጨምር ኪራይ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ስለ ትዳር ለመጻፍ አስበን ነበር። ደብዳቤዎቻችሁን ስናገላብጥ ግን ነገሩ ሁሉ ቤት ሆነ። ስለ ፍቅር የጠየቀን አንድ ልጅ እንኳ መጨረሻ ላይ «ቤት ብናገኝ እኮ እስካሁን ተጋብተን ነበር» ብሎናል። እሺ፣ ስለ ቤት ይሁን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር የምኖር የ26 ዓመት መምህርት ነኝ። አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። ስገባ 2,500 ብር ነበር። አምና 3,500 ገባ። ዘንድሮ መስከረም ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተጨመረ ሲባል፣ እኔ ጭማሪውን በዓይኔ ሳላየው አከራዬ ጠርተውኝ «ከጥቅምት ጀምሮ 5,500 ነው፤ ካልተመቸሽ ልቀቂ» አሉኝ። የጽሑፍ ውል የለንም። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ቡና ሲያፈሉ ይጠሩኛል። በሕግ መጠየቅ እችላለሁ? ወይስ ዕቃዬን ልሸክፍ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በሬዲዮም በቴሌቪዥንም የተነገረው ይሄ ቁጥር ነው፣ አከራይሽም የሰሙት እሱን ነው። የሥራ ግብሩና 7 በመቶ የጡረታው መዋጮ ሲነሣ ግን እጅሽ የሚገባው 9,000 አይሞላም። ከዚያ ላይ 5,500 ለቤት ከሄደ ለምግብ፣ ለታክሲ፣ ለልብስ፣ አገር ቤት ላሉት ለምትልኪው፣ ለሁሉም የሚቀርሽ ሦስት ሺሕ ምናምን ነው። የጤፉን ዋጋ ለአንቺ አልነግርሽም።

ማራኪ ላይ ነገሩ ለምን እንደባሰ ለመገመት አይከብድም። አካባቢው የወጣት ሰፈር ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር እንዲህ ያለ ሰፈር አልነበረም። ዛሬ ግን አስተማሪው፣ ነርሱ፣ አዲስ ተቀጣሪው፣ የማታ ተማሪው ሁሉ ከግቢው ብዙ ሳይርቅ አንድ ክፍል ይፈልጋል። በዚያ ላይ ባለፉት ዓመታት በጦርነትና በግጭት ከየወረዳው ቤቱን ጥሎ ከተማ የገባው ሰው አለ። እሱም የሚፈልገው ያንኑ አንድ ክፍል ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ብረቱም፣ ቆርቆሮውም፣ የቧንቧ ዕቃውም ስለተሰቀለ አዲስ ሰርቪስ የሚሠራ ሰው ቀነሰ። ፈላጊ በዛ፣ ቤት አልበዛም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። እዚሁ ጎንደር አራዳ ውስጥ በቀበሌ ቤት የሚኖር ጓደኛ ካለሽ ስንት እንደሚከፍል ጠይቂው፤ ትስቂያለሽ ወይም ታለቅሻለሽ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። በእነሱ ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ ያለው ሰው እንደ አንቺ ጥቅምት በመጣ ቁጥር አይደነግጥም። አዲሱ ሰፈር ግን ከአፍ እስከ ገደፉ የግለሰብ ቤት ነው። አንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ዓይነት ኪራይ አለ፣ አንቺ ደግሞ የደረሰሽ ውዱ ነው።

ወደ ሕጉ እንምጣ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል አዋጅ አለ። ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል፤ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። የኪራይ ጭማሪም አከራይ በፈለገው ቀን ተነሥቶ የሚናገረው ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ በሚያሳውቀው ልክ ብቻ ይሆናል። የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ይሄን ስታነቢ «ታዲያ እኔ ነጻ ወጣሁ» እንዳትዪ። አዋጁ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል፤ በክልል ከተሞች ግን የሚሠራው ክልሉ በወሰነባቸው ነው። ስለዚህ ከአከራይሽ ጋር ከመጨቃጨቅሽ በፊት ክፍለ ከተማሽ ሄደሽ የቤት ጉዳይ የያዘውን ክፍል «የግለሰብ ኪራይ ውል ትመዘግባላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። የሚመዘግቡ ከሆነ ነገርሽ ቀለለ። ካልሆነ ደግሞ አዋጁን እንደ ናሙና ተጠቀሚበት፣ ማንም አይከለክልሽም።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ስለ 5,500 አልከራከርም ነበር። እንዴት? በለው! ትይኝ ይሆናል። ቁጥሩ ላይ ተሟግተሽ 5,000 ብታደርጊው እኮ መጋቢት ላይ መልሰው 5,500 ይሉሻል፣ ምክንያቱም የሚይዛቸው ነገር የለም። አንቺ የጎደለሽ ውል ነው። ስለዚህ ቡና ሲጠሩሽ ሂጂ። «እትዬ፣ 4,500 ልክፈልዎት፤ ግን ሁለት ዓመት የማይነካ ውል እንጻፍ፣ በየወሩ በአምስተኛው ቀን በባንክ አስገባልዎታለሁ፣ አንድ ቀን አላሳልፍም» በያቸው። ደመወዝተኛ ነሽ፣ ላጤ ነሽ፣ ጨቅጫቃ አይደለሽም፤ ይሄ ለአከራይ ዋጋ አለው። ካልተስማሙ ያን ጊዜ ሸክፊ። ግን ሌላ ቤት ሳታገኚ «እለቃለሁ» የሚለውን ቃል ከአፍሽ እንዳታወጪ፣ በማግስቱ ደላላ ሰው ይዞ በርሽ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር ሁለት ክፍል አግኝተን 6,000 ብር ተስማማን። አከራዩ «ውል እንጽፋለን፣ ግን ወረቀቱ ላይ 2,000 ነው የሚባለው፣ ግብር እንዳይበዛብኝ» አለን። የስድስት ወርም በአንዴ አምጡ ብሎናል። ሰውዬው ሲታይ ደህና ሰው ነው። እንፈርም?

መልስ፦ አትፈርሙ።

ከቤት ኪራይ የሚገኝ ገቢ ሠንጠረዥ «ለ» በሚባለው ግብር ይከፈልበታል፣ አከራዩ የሚሸሸው እሱን ነው። ሽሽቱ የእሱ ነው፣ ፊርማው ግን ያንተም ነው። በሐሰት ሰነድ ላይ ስምህን ምን ያስገባዋል? ደግሞ ነገ ብትጣሉ ዳኛው የሚያየው ወረቀቱን ነው። የስድስት ወር 36,000 ብር በእጁ ሰጥተኸው በሁለተኛው ወር ውጣ ቢልህ ወረቀቱ የሚመሰክርልህ ለ12,000 ብቻ ነው። ቀሪውን 24,000 ማን አየ? ደላላው? ደላላው ስልኩን አያነሣም።

ስድስት ወሩንም እምቢ በለው፤ አዋጁ ሁለት ወር ነው የሚለው። ክፍያውን በባንክ ወይም በስልክ አድርገው፤ ይሄም በአዋጁ ያለ ነው። «ጥሬ ብር ካልሆነ» የሚል ሰው ካጋጠመህ ለምን እንደሆነ ለአንተ አይነገርህም። የሚቀጥለውን ቤት እየው።

(ይሄን ጽፈን ስንጨርስ «ታዲያ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው፣ የት እንሂድ?» የሚል ተመሳሳይ ደብዳቤ ከሌላ ሰው ደረሰን። ልክ ነህ፣ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ ይሆናል። ቢያንስ ግን የከፈልከውን ሙሉ ብር በባንክ አስገባና ደረሰኙ ላይ «የጥር ወር የቤት ኪራይ» ብለህ አስጽፍ። ውሉ ቢዋሽም ባንኩ አይዋሽም።)

ጥያቄ፦ እናንተ ልጆች፣ ሁልጊዜ አከራይ፣ አከራይ ትላላችሁ። እኔ አዘዞ ነው የምኖረው። ባለቤቴ ሹፌር ነበር፣ ዐርፏል። እሱ ሲደክም ሦስት ሰርቪስ ሠርቶልኝ ሄደ። የምተዳደረው በእሱ ነው። አንዱ ተከራይ መብራት ሳይከፍል ሌሊት ዕቃውን ጭኖ ጠፋ። ሌላዋ እንግዳ አምጥታ አራት ሰው ሆነው ውሃዬን ጨረሱት። የበር ቁልፍ ላሠራ ብል እንኳ ዋጋው ሌላ ነው። ታዲያ ኪራይ ብጨምር ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እናቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርልን። ምንም አላጠፉም። ኑሮ በተወደደ ቁጥር የእርስዎም ኑሮ ነው የሚወደደው፣ ጡረታ ለሌለው ሰው ደግሞ ሰርቪስ ቤት ጡረታ ነው። በአዲስ ሰፈር አከራይ ሁሉ ሀብታም ይመስለዋል ሰው፤ አብዛኛው ግን እንደ እርስዎ ነው፣ ሦስት ክፍል ከግቢው ጀርባ ሠርቶ በእሷ የሚያድር።

ግን ስለ መጨመሩ አንድ ነገር እንነጋገር። በየስድስት ወሩ 500 ብር ሲጨምሩ ተከራዩ ይወጣል። ሲወጣ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ይከርማል፤ ኪራዩ 4,000 ብር ቢሆን ያ ሄደ። ግድግዳው ቀለም ይፈልጋል፣ ደላላው ድርሻዬን ይላል፣ አዲሱ ተከራይ ደግሞ ማን እንደሆነ አያውቁትም። የጨመሩት 500 ብር ይሄንን ለመመለስ ስንት ወር ይፈጅበታል? የሚታወቅ፣ በጊዜው የሚከፍል ልጅ ካገኙ ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉለትም አይከስሩም። በሁለት ዓመት ውል ያስሩት። ሲለቅ ሁለት ወር ቀድሞ እንዲነግርዎ፣ ስንት ሰው እንደሚኖርበት፣ እንግዳ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ሁሉንም ውሉ ላይ ያስገቡት። ያቺ አራት ሰው ያመጣችው ውል ቢኖር አታመጣም ነበር።

የመብራቱ ጭቅጭቅ ግን በወረቀት አያልቅም። አንድ ቆጣሪ ለሦስት ክፍልና ለዋናው ቤት ከሆነ መቼም ሰላም የለም። የመጀመሪያው ልጅ አምፖልና ስልክ ብቻ ነው ያለው፣ ሁለተኛዋ በየሳምንቱ ምጣድ ሰክታ ትጋግራለች፣ ሦስተኛው ቀኑን ሙሉ ሥራ ውሎ ማታ ምድጃ ይለኩሳል። ወር ሲደርስ ሒሳቡ ለሦስት እኩል ይካፈላል፣ አምፖል ያለው ልጅ ያኮርፋል፣ እርስዎ መሐል ይገባሉ። ለየክፍሉ የራሱ ትንሽ ቆጣሪ ያስገቡ። ኤሌክትሪሽያን ጠርተው ያስገጥማሉ፣ አንዴ ያወጣሉ፣ ከዚያ ቁጥሩን አብረው አንብበው መቀበል ነው። ሌሊት የጠፋው ልጅ እዳም ያን ጊዜ ገና በጊዜው ይታወቅ ነበር።

ሮቶው ላይ ቁልፍ አስገብተው እንደሆነስ? ደብዳቤዎ ላይ አላሉትም፣ ግን ብዙ አከራዮች ያደርጉታል። ከሆነ ለተከራዮቹ የሚከፈትበትን ሰዓት ይንገሯቸው። በር ላይ ጀሪካን ይዞ «እማማ ይክፈቱልኝ» ማለት ሰውን ያሳንሳል፤ እርስዎንም እንቅልፍ ይነሣዎታል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴና እኔ ሁለታችንም ሠራተኞች ነን። ስምንት ዓመት ተከራየን፣ መረረን። ከከተማው ዳር ከአንድ ገበሬ 150 ካሬ ቦታ በርካሽ አገኘን። ካርታ የለውም፣ ግን ሰውዬው «ወደፊት ከተማ ይገባል፣ ካርታው ይመጣል» ይለናል። ጎረቤቶቹም ሁሉ እንዲህ ነው የገዙት። ሦስት ሽማግሌ ፊት እንፈራረማለን ብለዋል። ምክርህን ንገረን።

መልስ፦ ምክሬን ስትሰሙት ደስ አይላችሁም።

መሬት በኢትዮጵያ አይሸጥም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፣ የመሸጥ የለውም። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌ ፊት ቢፈራረምም፣ ሠላሳ ሽማግሌ ፊት ቢፈራረምም፣ የፈረማችሁት ነገር ፍርድ ቤት ሲደርስ አይቆምም። ብራችሁን የወሰደ ሰው ልቡ መልካም ቢሆን እንኳ ልጆቹ ነገ «አባታችን መብት አልነበረውም» ብለው ሊመጡ ይችላሉ። ያንኑ ቦታ ለሌላ ሰው የሸጠ ገበሬ ታሪክ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይዞራል፤ አንድ ሁለቱን ከቤተሰብ እንደምትሰሙ እወራረዳለሁ።

ከዚያ በላይ ግን ያሳሰበኝ የምትሠሩት ቤት ነው። የጨረቃ ቤት ማታ ይሠራል፣ ቀን ይፈርሳል። ካርታ የሌለው ቤት የራሱን ቆጣሪ አያገኝም፣ ውሃ አይገባለትም፣ ባንክ ብድር አይሰጥበትም። ጎረቤቶቻችሁ ያንን ሁሉ ከሩቅ ቤት ገመድ እየሳቡ ነው የሚኖሩት። «ከተማ ይገባል» የተባለውም ይገባ ይሆናል፤ ሲገባ ግን ከተማው መንገዱን የሚያልፍበት በማን ሳሎን እንደሆነ አይታወቅም። ሰሞኑን የኮሪደር ልማቱ ያስነሣውን አጥር የተመለከተ ሰው ይሄ ይገባዋል፤ ያ እንኳ ካርታ ያለው ሰው ነበር፣ ካሳ መጠየቅ የሚችል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ረጅሙ መንገድ የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ይዘገያል፣ ያስመርራል፣ ስብሰባው አያልቅም፣ አንዱ አባል መዋጮ አይከፍልም። ግን መጨረሻው በሕግ የተሰጠ ቦታ ነው። የሊዝ ጨረታም አለ፣ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት የሚሰጠው፤ እሱ ግን ለሁለት ደመወዝተኛ ብቻውን ይከብዳል። ሦስተኛው ያለቀ ወይም የተጀመረ ካርታ ያለው ቤት መግዛት ነው። ትንሽ ቢሆን፣ ራቅ ቢል፣ ጣሪያው ብቻ ያለቀለት ቢሆንም ግዙት።

ስትገዙ ካርታውን በስልክ ፎቶ እያያችሁ «አየነው» እንዳትሉ። ከተማ አስተዳደሩ መሬት ክፍል ሄዳችሁ ማኅደሩን አስወጥታችሁ እዩ፤ እግድ፣ የባንክ እዳ ወይም የሊዝ ውዝፍ እንዳለበት አጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም፣ አለዚያ ነገ ከፍርድ ቤት ትጠራላችሁ። ሽያጩም በጽሑፍ ሆኖ መዝጋቢ ፊት ይሁን፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል እንዲህ ነው። ቀብድ ብዙ አትስጡ። ስምንት ዓመት ተከራይታችሁ ያጠራቀማችሁትን አንድ ማታ ላይ አትጣሉት።

የዛሬ ኪራያችሁንም አትልቀቁት። ማኅበሩ እስኪደርስ የሚያስቀምጣችሁ እሱ ነው። አከራያችሁን እንደ ላይኛዋ መምህርት አነጋግሩ።

ጥያቄ፦ ገና ከገጠር መጥቼ ሥራ የጀመርኩ ልጅ ነኝ። ቤት ሳይ ምን ልጠይቅ? ደላላው ሁሉን አለ፣ አለ ነው የሚለው።

መልስ፦ ውሃ። ሌላው ሁሉ ከውሃ በኋላ ነው።

ጎንደር ላይ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፤ የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ከተማው ደግሞ እየሰፋ ነው። ስለዚህ «ውሃ አለ?» ብለሽ አትጠይቂ፣ መልሱ አለ ነው። «ባለፈው ሳምንት በየትኛው ቀን መጣ፣ ስንት ሰዓት ቆየ?» በይ። የምትጠይቂውም ደላላውን ሳይሆን ጓሮው ውስጥ ልብስ የምታሰጣውን ተከራይ ነው፤ እሷ የምትደብቅሽ ነገር የለም። ሮቶ ካለ ቁልፍ አለው ወይ እዪ።

ከዚያ በኋላ ኮርኒሱን ቀና ብለሽ ተመልከቺ። ቡናማ ክብ ካለበት ክረምት ላይ ያፈስሳል። በቀን ያየሽውን ቤት ማታም አንዴ ሂጂና እዪው፤ መንገዱ መብራት አለው ወይ፣ ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት ይገኛል፣ በሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል። «ሌላ ሰው ይወስደዋል» እያለ የሚያቻኩልሽ ደላላ ካለ ይውሰደው በይው።

ቧንቧውን ራስሽ ክፈቺ። ደረቅ ከሆነ በጀሪካን ለምታስቀጂው በሳምንት የምታወጪውን ከኪራዩ ጋር ደምረሽ፣ ዋጋ የምትናገሪው ያን ጊዜ ነው።